ያልበቀለ ጥርስ

ሳለቅስ የምስቅ እመስላለሁ። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ከዚህ ካልጀመርኩ የቀረው ስለማይገባ ነው። የላይኛው ግራ ክራንቻዬ እንደ ሰው ጥርስ በመስመሩ ላይ አልበቀለም። ከድዴ ከፍ ብሎ፣ ወደ ከንፈሬ ዞሮ ወጣ። የቀኙ ጭራሽ አልበቀለም፤ በእሱ ቦታ ጎረቤቶቹ እየተጋፉ ገብተው አንዱ በአንዱ ላይ ተደራረበ። ፊቴን ባኮማተርኩ ቁጥር ከንፈሬ ተነሥቶ ክራንቻዬ ላይ ይሰቀላል፤ በጣቴ ካላወረድኩት አይመለስም። ሰው ደግሞ ሲያለቅስ ፊቱን ያኮማትራል፣ ምን ይደረግ።

ልደታ ሰፈር የልጆች አፍ ምሕረት አልነበረውም። "ገጣጣ" የሚለው ስሜ ከክርስትና ስሜ ይልቅ የታወቀ ነበር። በአገራችን ፍንጭት ይወደዳል፤ የተነቀሰ ድድም ያስመሰግናል፤ የኔን ዓይነት አፍ የሚወድ ግን አልተገኘም። የሰፈር ሴቶች እናቴን "አይዞሽ፣ ስታድግ ይስተካከላል" ይሏታል። እኔ እያደግኩ ነበር፤ ጥርሴ ግን የባሰውን ይጣመም ነበር። እነሱም ያዩታል። ማየታቸውን አይናገሩም እንጂ።

መልኩስ ይቅር። እኔን ያንገበገበኝ መብሉ ነው። የላይና የታች ጥርሶቼ ስለማይገናኙ ቆሎ የምቆረጥመው በአንድ ጎን ብቻ ነበር። የጎረስኩትን በቅጡ ሳላላምጥ እውጥና ሆዴን ሲቆርጠኝ ይውላል። ጉንጬን ከውስጥ ስለምነክሰው ከቁስል አርፎ አያውቅም። ከንፈሬ አልገጠም ስለሚል በአፌ ስተነፍስ አድሬ ጠዋት ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል። መፋቂያ በተደራረቡት ጥርሶች መካከል አይገባም፤ የማይፋቀው ቦታ ደግሞ ይበሰብሳል። በአሥራ ሁለት ዓመቴ የአንዲት አሮጊት ያህል የጥርስ ሕመም አሳልፌያለሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ አጣፍቼ ስሄድ የሚያየኝ ሁሉ "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት" ይላል። ጨዋነት አልነበረም።

ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በዓመቱ ገደማ፣ ከተማው ደም በደም በሆነበት በዚያ የካቲት፣ አባቴን ከቤታችን በታች ካለው መንገድ ላይ ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ አላየነውም። እኛም እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሬሳ የሌለው ለቅሶ ተቀመጥን። ከእናቴ ጎን ተደፍቼ ሳለቅስ ቀና ማለቴን ያየች አንዲት ለቀስተኛ "ይቺ ልጅ ትስቃለች እንዴ?" አለች፣ ጮክ ብላ። እናቴ ወንድሜን አርግዛ ነበር። እጇን ግድግዳው ላይ ደግፋ ተነሣችና "ልጄ ስታለቅስ እንዲህ ናት። የማታውቃት አትይብኝ" አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በጠቋሚ ጣቷ ከንፈሬን ከክራንቻዬ ላይ አወረደችልኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ጣት የተሰማኝ ነገር የለም።

እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ማለች። ከጣሊያን እጅ ዱቄት አይነካም፣ መድኃኒት አይወሰድም፣ በፊታቸው አይታለፍም። አባቴ የተወሰደበትን መንገድ ላለመርገጥ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ እንኳ ዞራ ነበር የምትሄደው። ወንድሜ ሰኔ ላይ ተወለደ። ግንባሩ ቁርጥ የአባቴ ነበር፤ ስታጠባው "ምትክ፣ ምትክ" ትለዋለች። እውነቱን ለመናገር ከእርሱ ሌላ በሕይወት የሚያቆያት ነገር ያላት አይመስለኝም ነበር። እኔ ነበርኩ፤ ግን እኔን ለማጥባት አትነቃም።

ኅዳር ላይ ጉንጬ አበጠ። እናቴ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች፤ ቅርንፉድ አስነከሰችኝ፣ በጨው ውሃ አስጉመጠመጠችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኔ እስኪደፈን አበጥኩ። በአራተኛው ቀን ጨው እንድገዛ ወደ ተክለ ሃይማኖት ስትልከኝ እግሬ ወደ ሰንጋ ተራ ወሰደኝ። እዚያ ጣሊያኖች ድንኳን ተክለው ያገሬውን ሰው ያክሙ ነበር። የአባቴን ገዳዮች ደጅ መጥናቴ እንደሆነ ገብቶኛል። ጥርሱን ያልታመመ ሰው ይፍረድብኝ።

ሐኪሙ ጣቱ ትምባሆ ይሸታል። እብጠቱን በስለት ከፈተው፤ መግልና ደም አፌን ሞላው፤ ዓይኔም ወዲያው ገለጥ አለ። እግዜር ይስጥልኝ ግን አላልኩትም። ልነሣ ስል አገጬን ያዘኝ። ከንፈሬን በሁለት ጣቱ ገልብጦ ሲያይ ቆየና ሁለት ወታደሮች ጠራ። በሬ የሚገዛ ሰው አፍ ከፍቶ ዕድሜ እንደሚያይ ሦስት ሆነው አፌን አዩት። አንደኛው ሳቀ። እኔም ለእነሱ የምስቅ ሳልመስላቸው አልቀረሁም።

አስተርጓሚው ከሰሜን የመጡ፣ ጠጉራቸው ገብስማ የሆነ ሰው ነበሩ። "ልጅ ሆነሽ ድድሽን ማን ቧጠጠው? ይላል ዶቶሬ" አሉኝ።

"ግግ ነው ያወጡልኝ" አልኳቸው።

በእኛ ዘንድ ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ድዱ ይታያል። ክራንቻ የሚበቅልበት ቦታ ላይ ነጣ ብሎ ያበጠ ነገር ካለ "ግግ ነው" ይባላል፤ ተፈልፍሎ ካልወጣ ልጁን ይገድላል ይባላል። ይህን የማያውቅ እናት አልነበረም። ሐኪሙ ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው ያንን ሁሉ ቆራርጠው እንዲህ አሉኝ፦ "ግግ የሚባል በሽታ የለም ይላል። ያወጡልሽ ገና ያልበቀለ ጥርስሽን ነው ይላል። አንደኛው ሥሩ ጠፋ፣ ሌላው ቆስሎ መንገዱን ሳተ። ጥርስሽ የተበላሸው በዚያ ነው ይላል።"

"ሌላስ ምን አለ?" አልኳቸው፤ ምክንያቱም ሐኪሙ ሲናገር ወታደሩ ደግሞ ስቋል።

"ሌላውን አልነግርሽም" አሉ። ከዚያ ሐኪሙ ፊቱን ሲያዞር ጢማቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው አፋቸውን ከፈቱልኝ። የእርሳቸውም እንደኔ ነበር። ቀኝና ግራው ባዶ፣ መካከሉ የተደራረበ። "በዚህኛው ግን እውነቱን ነው መሰለኝ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ጉንጬ ቀሎኝ ነበር፤ ሌላ ነገር ግን ከበደኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እግዜር እንዲህ አድርጎ ፈጠረኝ ስል ኖሬ፣ ለካ ሰው ነው የሠራኝ። ይህንንም የነገረኝ ወታደሮቹን ያሳቀብኝ ጠላት ነው። ለእናቴ እብጠቱ በራሱ ፈረጠ አልኳት። "ተመስገን" አለች። ስለ ጥርሱ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ቀረሁ። ብናገር ከማን ሰማሽ ትላለች፤ ከማን እንደሰማሁ ካወቀች ደግሞ አባቴን ሁለተኛ እንደገደልኩት ትቆጥረዋለች። ዝም ማለት ቀላል ነበር።

ታኅሣሥ እንደገባ ወንድሜን ተቅማጥ ያዘው። በመጀመሪያው ቀን ይስቅ ነበር፤ በሁለተኛው መሳቁን ተወ። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ድዱ አብጧል፣ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። እናቴ አፉን ወደ ብርሃን አዙራ አየችና ቀዘቀዘች። "ግግ ነው" አለች።

ግግ የሚያወጡት ሴት የሚኖሩት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነበር። በማግስቱ ጠዋት መጡ። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እስከ ዛሬ እርሳቸውን እየረገምኩ እኖር ነበር፣ ይቀለኝም ነበር። ሲገቡ ጸለዩ፣ የእናቴን ትከሻ ዳበሱ፣ ጨውና ጤና አዳም አስመጡ። ከመቀነታቸው ጫፉ የተሳለ የጃንጥላ ሽቦ አውጥተው በጨርቅ ወለወሉት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ይቺ ናት?" አሉ ፊታቸው በርቶ። "አደግሽ እኮ! ያንቺንም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ። በሞት አፋፍ ላይ ነበርሽ፤ እናትሽ ተስፋ ቆርጣ ነበር። ይኸው ተረፍሽ አይደል? ነይ፣ የወንድምሽን ራስ ያዢልኝ።"

እናቴም አየችኝ። በዓይኗ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ፦ እኔ የማፍርበት አፍ ለእርሷ የተስፋ ምልክት ነበር። የተጣመመውን ጥርሴን ስታይ የምታየው የዳነች ልጇን ነው። ያንን ከእጇ ልነጥቃት እንደሆነ ገባኝ።

ሴትዮዋ የወንድሜን አፍ ሲከፍቱ እጄን አፉ ላይ ጫንኩ።

"አይነካም!" አልኩ።

"ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?" አለች እናቴ።

ሁሉንም ዘረገፍኩት። ድንኳኑን፣ ሐኪሙን፣ የአስተርጓሚውን አፍ። እናቴ እስከ መጨረሻው አላስጨረሰችኝም፤ አፌን በመዳፏ መታችኝ። ክራንቻዬ ከንፈሬን ከውስጥ ቀደደውና ደም በአገጬ ወረደ። "ለእነሱ አፍሽን ከፈትሽ?" አለች። "አባትሽን ለበሉት?"

እጇን ይዤ፣ ያንኑ የመታችኝን እጅ፣ ጠቋሚ ጣቷን አፌ ውስጥ አስገባሁት። ክራንቻ በሌለበት በባዶው ድድ ላይ አሳረፍኩት። ከዚያ ደሜ እንዳለበት ወስጄ በወንድሜ ድድ ላይ፣ በዚያው ቦታ አስቀመጥኩት። እዚያ ከቆዳው ሥር ጠንከር ያለች ነገር ነበረች። ወንድሜ ጣቷን ጡት መስሎት ጠባው።

እናቴ ለረጅም ጊዜ ጣቷን አላወጣችም። በመጨረሻ "እማማ፣ ዛሬ ይቆየኝ" አለች። "ነገ አስጠራዎታለሁ።"

ሴትዮዋ ሽቦውን ወደ መቀነታቸው መለሱ። ቅር ብሏቸዋል። "የሕፃን ነገር ለነገ አይባልም፣ ልጄ" ብለው ወጡ።

በማግስቱ ወንድሜ ተሻለው። እውነቴን ነው፣ ተሻለው፤ ጡት ያዘ፣ አንዴም ፈገግ አለ። እናቴ ሴትዮዋን አላስጠራችም። እኔን ባታናግረኝም ምሳ ስታቀርብልኝ እንጀራውን ለማላመጥ እንዲመቸኝ ቆራርሳልኝ ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

በበነጋው ጠዋት ግን ዓይኑ ጎድጉዶ፣ የራሱ እርግብግቢት ወደ ውስጥ ገብቶ አገኘነው። ሲያለቅስ እንባ የለውም። እናቴ እንደ እብድ ነጠላዋን እንኳ ሳታነሣ ወደ ጠመንጃ ያዥ ሮጠች። "አፉን በውሃ አርሺለት! ከቤት እንዳትወጪ!" ብላኝ ነበር።

አፉን አራስኩለት። አይውጥም። ብቻዬን ከእርሱ ጋር ተቀምጬ፣ እናቴ ሽቦውን ልታመጣ ነው፣ ያቺም ሽቦ አታድነውም፣ የሚያድነው ያ ያሳቀብኝ ሐኪም ነው ብዬ አሰብኩ። በቃ ይኸው ነው ያሰብኩት። ወንድሜን አዝዬ ወጣሁ።

ሰንጋ ተራ ልደርስ ስል መንገዱ ተዘጋ። የጣሊያን ካሚዮኖች በሰልፍ እያለፉ ነበር። ያን ጊዜ እነሱ ሲያልፉ ያገሬው ሰው ካለበት ቆሞ ቀኝ እጁን ወደ ፊት መዘርጋት ነበረበት፤ ያልዘረጋ ይገረፋል፣ የባሰም አለ። ቆምኩ። በግራ እጄ ወንድሜን ከኋላዬ ደግፌ ቀኜን ዘረጋሁ። አንድ ካሚዮን፣ ሌላ ካሚዮን፣ ሌላ። አቧራው ማለቂያ የለውም። ወንድሜ ትንፋሹ በጀርባዬ ላይ ቶሎ ቶሎ ይል ነበር፤ በልቤ "ትንሽ ታገስ፣ ትንሽ" እለዋለሁ። ፊቴ ተኮማትሯል፣ ከንፈሬ ተሰቅሏል፣ እንባዬ ይወርዳል። ከአንዱ ካሚዮን ላይ አንድ ወታደር አየኝና መልሶ ሳቀልኝ፤ እጁንም አወዛወዘልኝ።

ሰልፉ ሲያልቅ ትንፋሹ አይሰማኝም ነበር። አቧራው ነው አልኩ። መሮጤ ነው አልኩ። ድንኳኑ ደጅ ስደርስ አስተርጓሚው ደጁ ላይ ቆመው ነበር። ሳያናግሩኝ ከጀርባዬ ነጠላውን ገለጥ አድርገው አዩ። ቀስ ብለው መልሰው አለበሱት።

"ሐኪሙን ይጥሩልኝ" አልኳቸው።

"ተመለሽ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ። "እናትሽ ጋ ተመለሽ።"

የመጣሁበትን መንገድ እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። አባቴ በተወሰደበት መንገድ መሄዴን ያወቅኩት ከደጃችን ከደረስኩ በኋላ ነው። እናቴና ሴትዮዋ ደጅ ቆመዋል። ጨርቁ ተነጥፏል፣ ጨውና ጤና አዳሙ ተዘጋጅቷል። እናቴ እኔን ስታይ ሮጠች፤ አጠገቤ ስትደርስ ፊቴን አየች። ሁለቱም እጆቼ ከኋላዬ ወንድሜን ይዘው ነበር። ከንፈሬን የማወርድበት እጅ አልነበረኝም።

"ትስቂያለሽ?" አለችኝ።

በለቅሶ ቤት ለሰው ሁሉ "ልጄ ስታለቅስ እንዲህ ናት" ያለችው እናቴ ናት። ዞሬ ጀርባዬን ሰጠኋት፣ እንድትወስደው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ ብዕሬ እምቢ ይለኛል። በሰፈራችን "የጣሊያንን ወሬ ሰምታ ወንድሟን በግግ አስበላችው" ተባለ። ሰው የሚያውቀውን ነው የሚለው። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመት እንደዚያው አምኜ ኖሬያለሁ። ተቅማጥ ሕፃን የሚገድለው ከሰውነቱ ውሃ አስጨርሶ እንደሆነ፣ ጥርስ ምንም እንዳላደረገው የሰማሁት ካረጀሁ ወዲህ ነው። ያም ቢሆን አልጠቀመኝም። ሽቦውን አስቀርቼ ሊሆን ይችላል፤ በእናቱ ጡት ሥር እንዳይሞት ያደረግኩትም ግን እኔ ነኝ። ይህን የሚያስተካክልልኝ ሐኪም የለም።

እናቴ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። አለመናገሯ ነው የጎዳኝ። ጣሊያን ወጣ፤ እኔም አግብቼ ልጅ ወለድኩ፤ "ይህን አፍ ማን ያገባዋል" ያሉት ሁሉ አፈሩ። ልጄን ተቅማጥ በያዛት ቁጥር እናቴ መጥታ በማንኪያ ውሃ ስታጠጣት ትውላለች። ግግ የሚለውን ቃል ግን ሁለታችንም አናነሣም። ድዷን ማንም ሳይነካው የወተት ጥርሶቿ ወጡ፣ ረገፉ፤ ዋናዎቹም በቀሉ።

ልጄ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጠራቻት። "እስቲ አፍሽን" አለቻት። ያን ጊዜ ዓይኗ ደክሟል፤ ስለዚህ በጠቋሚ ጣቷ ነው ያየችው። ከአንዱ መንጋጋ ጀምራ እያንዳንዱን ጥርስ ዳበሰች። ክራንቻው ላይ ስትደርስ ቆመች። ቀጥ ብሎ፣ ከመስመሩ ሳይወጣ በቅሏል። ሌላኛውም ጎን እንደዚያው ነው።

"የእርሱም እንዲህ ይበቅል ነበር" አለች።

ልጄ የወንድሜን ነገር አታውቅም ነበር፤ ተነሥታ ወደ ጨዋታዋ ሮጠች። እኔ እናቴ ፊት ቆሜ ነበር። ፊቴ ተኮማተረ፣ ከንፈሬም ተነሥቶ ክራንቻዬ ላይ ተሰቀለ። ጣቷን ወደ እኔ ትዘረጋለች ብዬ ጠበቅኩ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ቆይቼ ከንፈሬን ራሴ አወረድኩት።